የሁለት ሰው ድንኳንና ሦስተኛው ሰው

በሱቅ የሚሸጥ የካምፒንግ ድንኳን ሁሉ ጎኑ ላይ በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ቁጥር ይዞ ይመጣል። «ለሁለት ሰው» ትላለች ጨርቋ። አምራቾቹ ይህን የጻፉት በደቡብ ኢትዮጵያ ከወደራ ከተማ በታች ወርደው ሳያጣሩ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ተሰብስቧል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማስረጃውን በወግ በማዕረጉ ማቅረብ ነው።

የጥናቱ ርእሰ ነገር ባልና ሚስት መኪናቸው ላይ ድንኳን ጭነው፣ ጀሪካን አስረው፣ ቆላውን እያቋረጡ ሜዳ ላይ የሚያድሩበት ጉዞ ነው። የጥናቱ ክልል ከወደራ ይነሣል፤ በነገሌ ቦረና በኩል አንዱ ክንፉ ወደ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ፣ ሌላው ክንፉ በአሬሮ ዞሮ ወደ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ ይወርዳል። ወደራ መነሻ የሆነችው በዘፈቀደ አይደለም። ከአዶላ ወዲህ የሚመጣው ደን እዚያ አካባቢ ይሳሳና አፈሩ እየቀላ፣ ዛፉ እያጠረ፣ እሾሁ እየረዘመ ይሄዳል። ከዚሁ ጋር የሚገጥም ማኅበራዊ ለውጥም ተመዝግቧል፦ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ እስከ ወደራ የሚያወሩት ስለ አገሩ ውበት ነው፤ ከወደራ በኋላ የሚያወሩት ስለ ውሃ ነው።

አገሩን በረሃ ማለታችን ለጉዞው ክብር ሲባል ነው። በጥብቅ ሚዛን ከታየ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አንዴ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ዝናብ የሚጠብቅ ቁጥቋጦማ ቆላ ነው። «ቁጥቋጦማ ቆላ አቋርጠን መጣን» ብሎ ለጓደኛ ማውራት ግን ያን ያህል አያኮራም።

ሀ. የቀደሙ ሥራዎች

በዚህ አገር ጥንድ ሆኖ መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ካፒቴን ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1892 የጁባን ወንዝ ምንጭ ሊፈልግ ሲነሣ ካፒቴን ማቴዎ ግሪክሶኒ የሚባል ባልንጀራ ይዞ ነበር። ተከታዩ ዓመት ሳይጋመስ ግሪክሶኒ ጥሎት በራሱ መንገድ ሄደ። ይህ ጥናት በቆላ ሙቀት ለወራት አንድ ላይ የከረሙ ሁለት ሰዎች ለመለያየት ሌላ ምክንያት ያስፈልጋቸዋል ብሎ አያምንም። ቦቴጎ ጉዞውን ጨርሶ ገናሌን በጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት በጂያኮሞ ዶሪያ ስም «ገናሌ ዶሪያ» አለው። ለግሪክሶኒ ጅረት እንኳ አልደረሰውም።

ሁለተኛው ቀዳሚ ተመራማሪ ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ነው። በዚያው ዘመን ይህንኑ ደቡብ ሲያስስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1893 መጨረሻ ዝሆን ገደለው። ዕቃው ተሰብስቦ ሲፈተሽ ለሳይንስ አዲስ የሆነች፣ አረንጓዴ ላባ የለበሰች ወፍ ተገኘች፤ ዛሬ የሩስፖሊ ቱራኮ የምትባለው ናት። የት እንደያዛት ግን አንድም ማስታወሻ አልነበረም። ስለዚህ የዓለም የወፍ ሊቃውንት ወፏን በእጃቸው ይዘው አገሯን ሳያውቁ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሬሮ ደን እንደገና እስክትገኝ ድረስ። የዚህ ጥናት ገምጋሚ የሆነችው ባለቤቴ በዚህ አንቀጽ ጎን እንዲህ የሚል ማስታወሻ ጽፋለች፦ «ሚስቱን ይዞ ቢሆን ኖሮ ‹ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት?› ተብሎ የዚያኑ ዕለት ይናገር ነበር።» አስተያየቱ ተቀባይነት አግኝቷል።

ለ. የጥንድ ዓይነቶች

በመስኩ አምስት ዓይነት ጥንድ ይገኛል።

አላፊ ጥንድ የሚባለው ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን ለመድረስ የሚጣደፍ የውጭ አገር ባልና ሚስት ነው። ድንኳኑ የሚዘረጋው መኪናው ጣራ ላይ ሲሆን ወደ መኝታ የሚወጣው በመሰላል ነው። ቀድሞ ይህ ጥንድ ከሞያሌ ወዲያ ያለውን የማርሳቢትን መንገድ ሲያስብ እንቅልፍ ያጣ ነበር፤ መንገዱ አስፋልት ከሆነ ወዲህ የቀረው ፈተና እዚያው ሞያሌ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ መሻገር ነው። በኢትዮጵያ በኩል በቀኝ ሲነዳ የቆየ ባል ኬንያ ሲገባ በግራ ይነዳል። ከድንበሩ በኋላ ለረጅም ሰዓት የሚስት ንግግር በሙሉ «ግራ!» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይሆናል።

ባለ መነጽር ጥንድ ወፍ ለማየት ይመጣል። ምክንያትም አለው፦ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአሬሮ አካባቢ ውጭ በዓለም የትም የማይገኝ ቁራ መሰል ወፍ አለ፤ ከነገሌ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ደግሞ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሚባሉት ወፎች አንዷ በሣር ውስጥ ተደብቃ ትኖራለች። ይህ ጥንድ ወፏ እንዳትበርበት ጮክ ብሎ አይጣላም። የሚጣላው በእጅ ምልክት ነው። ከሩቅ የሚያየው የአገሩ ሰው «እነዚህ እንዴት ይዋደዳሉ!» ይላል።

የዳያስፖራ ጥንድ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት አለው፤ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት የውሃ ማጣሪያ፣ ሁለት ዓይነት የትንኝ ቅባት። ባልየው በየኬላው «ይሄ እኮ አገሬ ነው» ይላል። ፈታሹ «እሺ፣ መንጃ ፈቃድ» ይለዋል።

የአዲስ አበባ ጥንድ መኪናው የተከራየ ወይም የአጎት ነው። የጫነው ዕቃ ሲመረመር ከታች ድንኳን፣ ከድንኳኑ በላይ የሚስት እናት ያዘጋጁት ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ቋንጣና ድርቆሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጀበና ይገኛል። ስንቁ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ሦስት እጥፍ ነው። እናቲቱ ልጃቸውን ሲሸኙ ያሉት ነገር በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ስለሆነ ለናሙና መመዝገብ ይቻላል፦ «ቤት እያላችሁ ምን አጥታችሁ ነው ሜዳ የምታድሩት ልጄ?» ለዚህ ጥያቄ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አልተገኘም።

አምስተኛው ባለ ግመል ጥንድ ነው። በሶማሌውና በቦረናው አርብቶ አደር ዘንድ ቤቱን የምትሠራው ሴቷ ናት። ሶማሌዋ ቆልማማ እንጨቱን አፍርሳ፣ ምንጣፉን ጠቅልላ፣ ቤቱን ከነዕቃው ግመል ላይ ትጭነዋለች፤ ያረፉበት ስፍራ ላይ ደግሞ መልሳ ታቆመዋለች። መመሪያ ወረቀት የለም። የጠፋ ካስማ የለም። ይህ ዓይነት ከሌሎቹ አራቱ ጋር ቢወዳደር ለሌሎቹ ክብር ጥሩ ስለማይሆን ከጥናቱ እንዲወጣ ተደርጓል።

ሐ. ስለ ውሃ

የዚህ ምዕራፍ መሣሪያ ቢጫው ጀሪካን ነው፤ በቀድሞ ሕይወቱ የምግብ ዘይት የተሸከመ፣ 20 ሊትር የሚይዝ። ባል ውሃን የሚቆጥረው በሊትር ነው። ሚስት የምትቆጥረው በሥራ ነው፦ ጀበና፣ ፊት፣ ሩዝ፣ እግር። ሁለቱ አቆጣጠሮች እስከ እኩለ ቀን ይስማማሉ። ከዚያ መኪናው ይግላል፤ ባል ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ራዲያተሩ ሲሄድ «ለመሆኑ ራዲያተሩ ከኔ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ቴክኒካዊ መልስ አለው፤ ነገር ግን ልምድ ያለው ባል አይመልስም።

በነገሌ ውሃን ማቃለል አይገባም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች ያመፁት በምግብና በውሃ ነበር። የእነሱ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ነገሩን እንዲያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። አመፁ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ስለዚህ ነገሌ ላይ ሚስት «ውሃው የታለ?» ብላ ስትጠይቅ ባል ቶሎ ይመልስ።

ቦረናዎቹ በበኩላቸው የውሃን ነገር ከቆረጡት ቆይተዋል። እንደ ዱብሉቅ ባሉት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ወንዶቹ በእርከን በእርከን ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ወደ ላይ ያወጡታል። ጉድጓዱ አባት አለው፤ ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣም ተራ አለው። ተራውን የሚያስከብረው ሰው ሁለት ጀሪካን ይዞ የሚቁለጨለጨውን የአዲስ አበባ ባል አይቶ የሚያስገባው ከጥጆች በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መ. ሦስተኛው ሰው

ወደ ዋናው ግኝት ደርሰናል። ባልና ሚስት ወደ በረሃ ለምን እንደሚሄዱ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ ብቻችንን ለመሆን። አማት የለም፣ ጎረቤት የለም፣ ኔትወርክ የለም። ባልየው ከዋናው መንገድ ይወጣና በፒስታው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ያቆማል። ሞተሩ ይጠፋል። ዙሪያቸውን ያያሉ፤ ቀይ አፈር፣ እሾህና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ብቻ ነው። ሚስትየው እጇን ዘርግታ «አንድም ሰው የለም!» ትላለች።

ይህ ዓረፍተ ነገር በጥናታችን «የመጥሪያ ቃል» ተብሎ ተመዝግቧል። ከተነገረ በኋላ የሻይ ውሃ ሳይፈላ ሦስተኛው ሰው ደርሶ ቆሟልና።

ከየት እንደሚመጣ ሦስት መላ ምቶች ቀርበው ነበር። ከኩይሳው ጀርባ ነው የሚለው ወድቋል፤ ኩይሳ በሌለበትም ይመጣል። ከመኪናው ኋላ ተንጠልጥሎ ነው የሚለውም ወድቋል፤ ላቡ የለም፣ አቧራም አልነካውም። ቀድሞውኑ እዚያው ነበር የሚለው ሦስተኛው መላ ምት በጊዜው የማይረባ ተብሎ ታልፏል።

መ.1 እረኛው ልጅ። ፍየሎቹን ትቶ ይመጣል፤ አንድ ብቻ መስሎ አምስት ይሆናል። የሚጠይቀው ሃይላንድ ነው። ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሰጠውና ይሮጣል፤ በዚህ አገር ውሃ መያዣ ማለት ቀላል ስጦታ አይደለም። አያስቸግርም።

መ.2 ሚሊሻው። ክላሹን በትከሻው አንግቶ «ቀበሌ ያውቃል?» ይላል። ቀበሌ እንደማያውቅ ሲረዳ እሱ ራሱ ሊጠብቃቸው ይወስናል። ጥበቃው በነጻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ይስላል፣ በየሰዓቱም የመኪናውን ዋጋ ይጠይቃል። ጅብ አይመጣም፤ እንቅልፍም አይመጣም።

መ.3 ለቀስተኛዋ። ይህች የምትገኘው እንደ ወደራ ባሉ ከተሞች ዳርቻ ነው። እንደሚታወቀው በአገራችን ድንኳን የሚተከለው ለሁለት ነገር ነው፤ ሙሽራ ከሌለ የቀረው አንዱ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ድንኳኑ ይመጣሉ።

«ማን ነው ያረፈው ልጆቼ?»

«ኧረ ማንም አላረፈም እማማ! እኛ ነን ለማረፍ የመጣነው።»

እናቲቱ ሁለቱንም በዓይናቸው መርምረው ዝም ብለው ይመለሳሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ንፍሮ በሳህን ይዘው ይመጣሉ። ንፍሮው ለሐዘን ይሁን ለእንግድነት ሊረጋገጥ አልቻለም። ጨው ግን ልክ ነበር።

መ.4 ዝም ባዩ። ጥናቱ በሙሉ የተካሄደው ስለ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዝም ባዩ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው። ሽርጥ አሸርጧል፤ ራሱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሟል፤ እግሩ ላይ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ አለ። የበረባሶው ጥርስ ከጥንዱ መኪና ጎማ ጥርስ በተሻለ ይዞታ ላይ ይገኛል። በትር ይዟል። ሰላምታ አይሰጥም፣ አይለምንም፣ አይሸጥም፣ አይጠይቅም። ያያል።

መ.4.1 አቋቋሙ። ሦስት ነው። አንደኛው «ባለ መስቀል» ነው፤ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ከላዩ ያንጠለጥላል። ሁለተኛው «ባለ አንድ እግር» ነው፤ በትሩን ተመርኩዞ የአንዱን እግር መዳፍ በሌላው ጉልበት ላይ ያሳርፋል። የአዲስ አበባው ባል ይህን ሊሞክር ሲል የደረሰበትን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ሦስተኛው ቁጢጥ ነው፤ ይኸኛው ነገሩ እንደሚረዝም ሲገባው የሚወስደው አቋም ሲሆን ድንኳን ተካዩ ባል ከሆነ ቶሎ ይወሰዳል።

መ.4.2 ርቀቱ። መጀመሪያ ሲታይ ድንጋይ ተወርውሮ የሚደርስበት ያህል ይርቃል። ባልና ሚስት ወደ ሥራቸው ዞረው ቀና ሲሉ ግማሹ ቀርቧል። እንደገና ዞረው ቀና ሲሉ የሚያየውን ካስማ ሊያነሣ በሚችልበት ቦታ ቁጢጥ ብሏል። ሲራመድ ያየው የለም። ሚስትየው ሆን ብላ ዓይኗን ሳትነቅል ለማየት ሞክራ ነበር፤ ያን ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

መ.4.3 የሚያየው። የእይታው ቅደም ተከተል ቋሚ ነው። በመጀመሪያ የሚጣጠፉትን የድንኳን ዘንጎች ያያል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ። ቀጥሎ ሚስትየው የምታነበውን መመሪያ ያያል፤ ከዚያ መመሪያ አያስፈልገኝም ያለውን ባል ያያል። ባል ካስማውን በድንጋይ ይመታል፤ ካስማው መሬቱ ውስጥ በመግባት ፈንታ ራሱን አጥፎ ይተኛል። ዝም ባዩ ካስማውን ያያል። ቀጥሎ ባልየውን ያያል። ቀጥሎ ሰማዩን ያያል። ሰማዩን ማየቱ በጥናቱ ወቅት ለፈጣሪ የቀረበ አቤቱታ ተደርጎ ተተርጉሟል፤ ይህ ትርጓሜ ከዚህ በታች ይሻራል።

ስሜት ያሳየበት አጋጣሚ አንድ ብቻ ነው። ባል በእግር የሚረገጥ ማናፊያ ይዞ ፍራሹን አየር ሲሞላ፣ የሰውየው የከንፈር ጥግ ተነሥቶ ተመልሷል።

መ.4.4 በጥንዱ ላይ ያለው ተጽዕኖ። ዝም ባዩ ባለበት ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በሹክሹክታ ነው፦

«ምን ፈልጎ ነው?»

«ምንም። እያየን ነው።»

«ብር ስጠውና ይሂድልን።»

«እስቲ ፍረጂኝ፣ የሚያየው እሱ፣ የምከፍለው እኔ?»

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል!»

«አማርኛ የት ያውቃል ብለሽ ነው?»

ሚስት ሌባ ነው ብላ ትጠረጥራለች። ባል ሥራ ፈት ነው ይላል። ሁለቱም አስተያየቶች ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጸንተው ይቆያሉ። ድንኳኑ ቆሟል፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ባል ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር እንዲስማማ ታስቦ ነው ብሏል። ጀበናው ተጥዷል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ጉሮሮውን ይጠርግና፣ ነገሌ ጦር ሰፈር ውስጥ ዓመታት በተገራ፣ ከሁለቱም በሚጠራ አማርኛ እንዲህ ይላል፦

«ልጆቼ፣ እዚህ ውሃ ይወርዳል።»

ባል ቀና ይላል። ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና እንኳ የለችም። «አባቴ፣ ዝናብ የለም እኮ!» ይላል።

ሰውየው በአገጩ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደጋው ያመለክታል። «እዚያ ዘንቧል።»

እዚህ ላይ ሜዳው ላይ ያለው ለስላሳና ለጥ ያለ አሸዋ፣ ማለትም ለመኝታ ይመቻል ተብሎ የተመረጠው፣ የደረቅ ወንዝ ሆድ መሆኑ ይገለጣል። ሰውየው ያፏጫል። ሁለት ጎረምሶች ከዚያው ከማይታወቀው ቦታ ይመጣሉ። ድንኳኑን ሳያፈርሱ፣ ከነፍራሹ፣ በአራት ማዕዘኑ አንሥተው ከፍ ያለው ላይ ያስቀምጡታል። የወሰደው ጊዜ ባል አንዱን ዘንግ ለማስገባት ከወሰደበት ያንሳል። ካስማውን የሚተክሉት በድንጋይ ሳይሆን ጎባጣ የእሾህ እንጨት ቆርጠው ነው። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ድንኳኑ ቀድሞ በነበረበት ቦታ ውሃ እንጨትና አፈር እየገፋ ያልፋል።

መ.4.5 ለምን ዝም አለ? ይህ ጥያቄ ጠዋት ሻይ ላይ በሚስትየው ቀርቧል፤ ባል ድምፁን ለማጥፋት በቂ ምክንያት ነበረው። መልሱ አጭር ነበር፦ «ሰላም ሳትሉኝ ምን ብዬ ልናገር?»

በቦረና ሰው ከሰው ሲገናኝ ወሬ ከመጀመሩ በፊት ሰላም ይጠያየቃል፤ የሚጠየቀውም የሰውየው ደኅንነት ብቻ አይደለም፤ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ሣሩ፣ ውሃው፣ ዝናቡ። ይህን የሚጀምረው ደግሞ ወደ ሰው ስፍራ የመጣው ነው። ጥንዱ መኪና አቁሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ «አንድም ሰው የለም» ብሎ ሥራውን ጀመረ። ሰውየው ከወደ ማዶ ቆሞ ሰላምታውን ሲጠብቅ ዋለ። ከዚህም ሌላ የቆመበት ጉዳይ ነበረው፦ ከግራሩ በስተኋላ ያለው የእሾህ አጥር ባዶ መሬት የከለለ አይደለም። ካሎ ይባላል፤ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ሣሩ ተጠብቆ የሚቆይበት ነው። ባልየው ለእሳት የሚሆን እንጨት ፍለጋ ሲነሣ ከዚያ አጥር ይነቅል እንደሆነ ሰውየው ያይ ነበር።

ስለዚህ ምደባው እንደገና መሠራት ነበረበት። በመስኩ ላይ «ሦስተኛ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው አንደኛ ነበር። ሌባ ነው ተብሎ የተጠረጠረው ዘበኛ፣ ሥራ ፈት የተባለው ደግሞ በሥራ ላይ የነበረ ብቸኛ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሥራ ፈቶቹ ፍራሽ ሲነፉ ነበር።

መ.4.6 ሰላምታው ሲፈጸም። ባል ይህን ከተረዳ በኋላ በጉጉት ሰላምታውን ጀመረ። ሰውየውም በተራው «ከብቱ ደኅና ነው?» አለው። ባል በይሉኝታ «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ስንት ነው?» ሲባል ሚስትየው ጣልቃ ገብታ «ከብት የለንም አባባ» አለች። ዝምታ ሆነ። ሰውየው መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አየው፤ በሆዱ ወደ በሬና ላም እያዞረ ዋጋውን ሲያሰላ ግልጽ ነበር። «ይህን ሁሉ ከብት ሸጣችሁ ነው ይህን የገዛችሁት?» አለ። «አይወልድ፣ አይታለብ።» ባል ላንድክሩዘር በቀላሉ እንደማይሞት ለማስረዳት ሞክሯል፤ ያን ጊዜ መኪናው ከሆዱ አንድ ጠብታ ዘይት አሸዋው ላይ ጣለ።

ስለ ዝናቡ የተጠየቀው ግን ለወግ ብቻ የሚባል አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በላይ በላዩ ከሽፈው በቦረና ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ። ሰውየው የራሱን ሲነግራቸው ቁጥር አልጠራም፤ ካሎውን በአገጩ አመለከተና «እነዚህ የተረፉት ናቸው» አለ። ሚስትየው የሻዩን ኩባያ እንደገና ሞላችለት፤ ስኳሩን ራሷ አማሰለችው። ባል በዚህ ሰዓት ያደረገው ነገር ቢኖር መኪናውን ከካሎው አጥር ትንሽ ማራቅ ነው።

መ.4.7 ስለ ኩባያ። የካምፒንግ ዕቃ ሲሸጥ ሁለት ኩባያ፣ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ ሆኖ ነው። ሻዩ ለሰውየው የቀረበው በሚስትየው ኩባያ ነበር፤ ሚስትየው በባልየው ኩባያ ጠጣች፤ ባልየው በጀበናው ክዳን። የጀበና ክዳን የሚይዘው ከአንድ ጉንጭ ውሃ በታች ነው።

በዕቅዱ መሠረት ከዚህ በኋላ ስለ ጎሚስታ፣ ስለ ጅብ ድምፅ አመዳደብ፣ በቅቤ ስለሚጠበሰው ቡና ቀላ እና በጋቢና ውስጥ ስለሚታዩ ስምንት ዓይነት ኩርፊያዎች አራት ምዕራፎች ነበሩ። ገምጋሚዋ ስምንተኛው ኩርፊያ የማን እንደሆነ ጠይቃ መልስ በመጠበቅ ላይ ስለሆነች ምዕራፎቹ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፈዋል።

ወደዚያ የምትወርዱ ባልና ሚስት፦ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቀበሌውን አሳውቁ። ለስላሳ አሸዋ ላይ አትደሩ። ከእሾህ አጥር እንጨት አትንቀሉ። መኪና አቁማችሁ እንደወረዳችሁ፣ ሰው ታየም አልታየም፣ ጮክ ብላችሁ ሰላም በሉ። ተጨማሪ ኩባያና ስኳር ያዙ፤ ከረሳችሁ ሁለቱም ነገሌ ሱቅ ውስጥ አሉ።